የኑሮ ውድነትና የደመወዝ ጥያቄ፦ በላሊበላና በላስታ ለሚገኙ ሠራተኞችና አሠሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የደመወዝ አቤቱታ ይዘው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚቀርቡ ተገልጋዮች ጉዳያቸውን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጹታል፤ «የሚከፈለኝ አይበቃኝም» ይላሉ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንደኛው ሠራተኛው ሠርቶ ያላገኘው፣ ያለአግባብ የተቀነሰበት ወይም የዘገየበት ገንዘብ ሲሆን፣ ይህ በሕግ የተረጋገጠ መብት በመሆኑ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው አሠሪና ሠራተኛ ገና ያልተስማሙበት የደመወዝ ጭማሪ ነው። ይህኛው በድርድር እንጂ በክስ አይገኝም።

ሁለቱን ለይቶ አለማቅረብ በተግባር ጉዳት አለው። «እንግዳ ሲመጣ ጭማሪውንም ውዝፉንም አንድ ላይ እንሰጣችኋለን» በሚል የቃል ተስፋ ወራትን የሚያሳልፉ ሠራተኞች ጭማሪውን ሳያገኙ ውዝፉንም በይርጋ ሊያጡ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በላሊበላ ከተማና በላስታ ወረዳ በግል ድርጅቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ዜጎችና አሠሪዎቻቸው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያላቸውን መብትና ግዴታ እንዲረዱ፣ አቤቱታቸውንም ለትክክለኛው አካል በጊዜው እንዲያቀርቡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

የላሊበላ ከተማ የቅጥር ሥራ በአብዛኛው የተመሠረተው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመጎብኘትና ለመሳለም በሚመጣው እንግዳ ላይ ነው። አስተናጋጁ፣ የቤት አያያዥዋ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጥበቃው፣ ሾፌሩና የልብስ እጣቢ ሠራተኛዋ ሁሉ ከዚህ ምንጭ ይኖራሉ። ይህ ምንጭ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተቋረጠ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትቀያየር ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግርም የእንግዳውን እንቅስቃሴ በድጋሚ ጎድቶታል።

ዋጋ ግን እንግዳ አልጠበቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች በዚያው ልክ ብር ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል የክፍል ዋጋቸውን ለውጭ እንግዶች በዶላር የሚተምኑ ሆቴሎች ከአንድ እንግዳ የሚያገኙት ብር ጨምሯል፤ ሠራተኛው የሚከፈለው ግን በብር፣ ውሉም የተጻፈው በብር ነው። ይህ ነጥብ በድርድር ጊዜ በሁለቱም ወገን በግልጽ ሊነሳ የሚገባው ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ጭማሪ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይሠራልን?

አይሠራም። ጥያቄው በተደጋጋሚ ስለሚነሳ ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ጀማሪ ሠራተኛ የሚከፈለው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር እንዲሆን ተወስኗል። እነዚህ ውሳኔዎች የሚመለከቱት ከመንግሥት በጀት ደመወዝ የሚከፈላቸውን ብቻ ነው። የሆቴል፣ የሬስቶራንት፣ የግንባታ ወይም የንግድ ድርጅት ሠራተኛ 6,000 ብር የሕግ ወለል ነው ብሎ ክስ ቢያቀርብ ተቀባይነት አያገኝም። የጭማሪው ዜና በተሰማ ሳምንት ገበያ ላይ ዋጋ ሲጨምር የግል ድርጅት ሠራተኛው ጭማሪው ሳይደርሰው ዋጋው ብቻ ይደርሰዋል፤ ቅሬታው የሚገባ ነው፤ መፍትሔው ግን በሌላ መንገድ የሚገኝ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻ አካላት ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖርና ቦርዱ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እንደሚያሻሽል፣ ሥልጣኑም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ሲጠይቅ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ለግሉ ዘርፍ በሥራ ላይ የዋለ አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ የሚወሰነው በሥራ ውል፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው።

አዋጁ የማይመለከታቸውም አሉ። የቤት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎች፣ በራሳቸው ኃላፊነት የሚሠሩ ሰዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ከእንግዳው በቀጥታ ተስማምቶ የሚሠራ አስጎብኚ ወይም የበቅሎ ባለቤት ክፍያው ቢቀርበት ጥያቄውን የሚያቀርበው በተራ የውል ሕግ ነው፤ በአስጎብኚ ድርጅት በወር ደመወዝ የተቀጠረው ግን በአዋጁ ይጠበቃል። የሃይማኖት ተቋማት የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት በተመለከተ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን ይችላል።

ደመወዝ የሚባለው የትኛው ነው?

በላሊበላ ለሚሠራ የሆቴል ሠራተኛ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ጠቃሚው ክፍል ይህ ነው ብለን እናምናለን። በአዋጁ አንቀጽ 53 መሠረት ደመወዝ ማለት ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻ እንዲሁም ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ (በተለምዶ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው) ደመወዝ አይደሉም።

ብዙ ሠራተኞች ግን ገቢያቸውን የሚቆጥሩት አንድ ላይ አድርገው ነው። ሁለት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የአንደኛዋ ገንዘብ በሙሉ ደመወዝ ነው፤ የሁለተኛው ግን 2,500 ብር ደመወዝ፣ 2,500 ብር ሰርቪስ ቻርጅ ነው። እንግዳ በሚበዛበት ወር ሁለተኛው የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። እንግዳ ሲጠፋ ግን የእሷ 5,000 ብር አለ፤ የእሱ 2,500 ብር ሆኗል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሁለቱም ከአራት ዓመት አገልግሎት በኋላ የሥራ ስንብት ክፍያ በሚያስገኝ ምክንያት ቢሰናበቱ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህ አንድ ሦስተኛ ማለትም የ10 ቀን ደመወዝ ስለሚታሰብ የ60 ቀን ደመወዝ ይገባቸዋል። እሷ 10,000 ብር ስትቀበል እሱ 5,000 ብር ይቀበላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያውም የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው።

በመሆኑም ጭማሪ የሚደራደር ሠራተኛ ጭማሪው በየትኛው አርዕስት እንደሚጻፍ መጠየቅ ይኖርበታል። «የቤት አበል» ወይም «ማበረታቻ» ተብሎ የተሰጠ 1,000 ብር ለኪስ እኩል ቢሆንም ለሕጉ እኩል አይደለም። ሰርቪስ ቻርጅ ደመወዝ አይደለም ማለት ግን አሠሪው ሊያስቀረው ይችላል ማለት አይደለም፤ ለሠራተኞች እንዲከፋፈል በውል ወይም በሥራ ደንብ የተወሰነ ከሆነ ያልተከፈለው ክፍል ሊጠየቅ ይችላል።

በአካባቢው ምግብና ማደሪያ ከደመወዝ ጋር ታስቦ መስጠት የተለመደ ነው። ሕጉ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ክፍያ በዓይነት እንዲፈጸም ይፈቅዳል፤ ሆኖም በዓይነት የሚሰጠው በአካባቢው ካለው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በማናቸውም ሁኔታ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። በወር 2,400 ብር በጥሬ የሚከፈለው ሠራተኛ የምግብና የማደሪያ ግምቱ ከ720 ብር ሊበልጥ አይገባም። የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የምግቡን ግምት ከፍ እያደረጉ የጥሬ ገንዘቡን መጠን ባለበት ማቆየት ይህን ገደብ ሊያስጥስ ይችላል።

እንግዳ ሲጠፋ ደመወዝን መቀነስ ወይም ማቆም

ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው። ሆኖም ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በሥራ ቦታው ተገኝቶ፣ የመሣሪያ ወይም የጥሬ ዕቃ አቅርቦት በመቋረጡ ወይም በሠራተኛው ጉድለት ባልሆነ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። ሆቴሉ ክፍት ሆኖ፣ ሠራተኛው በየቀኑ እየገባ፣ «እንግዳ ስላልመጣ ግማሽ እንከፍላለን» የሚል አሠራር በዚህ ድንጋጌ ፊት ለመቆም ያስቸግረዋል። ደመወዝን ጨምሮ የሥራ ውል ሁኔታዎች የሚሻሻሉት በኅብረት ስምምነት፣ በሕግ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ በሚያደርጉት ስምምነት ነው። በስብሰባ ላይ የተነገረ፣ ማንም ያልፈረመበት ቅነሳ ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም።

በሌላ በኩል አሠሪውም ያለ መፍትሔ አልተተወም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልሆነ የገንዘብ ችግር የድርጅቱ ሥራ በሙሉ ወይም በከፊል ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ ከሥራ ውል የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ሊታገዱ ይችላሉ። በእገዳው ጊዜ ሠራተኛው የመሥራት፣ አሠሪውም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም፤ የሥራ ውሉ ግን አይቋረጥም። አሠሪው ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀናት ውስጥ ሥልጣን ላለው አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ አካል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በቂ ምክንያት መኖር አለመኖሩን ይወስናል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ እገዳው በበቂ ምክንያት እንደተደረገ ይቆጠራል። በቂ ምክንያት የለም ብሎ ከወሰነ ሥራው እንዲቀጥል፣ ሠራተኞች የታገዱባቸው ቀናት ደመወዝም እንዲከፈል ያዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ሊል ይችላል።

የእገዳው ጊዜ ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ድርጅቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራውን መቀጠል እንደማይችል ከተረጋገጠ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለላሊበላ ይህ ገደብ ትርጉም ያለው ነው፤ በሩን ዘግቶ «ሲሻሻል እንጠራችኋለን» ብሎ ሠራተኞችን ለዓመታት ማቆየት በሕጉ የታወቀ ሁኔታ አይደለም። ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያላሳወቀ አሠሪም ደመወዝ ላለመክፈል በእገዳ ስም ሊከራከር ይከብደዋል። የሦስት ቀኗን ማስታወቂያ በወቅቱ ማቅረብ ከሁሉም በፊት የሚጠቅመው ራሱን አሠሪውን ነው።

በበዓል ሰሞን የሚሠራ ሥራና ስሌቱ

የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በሕዝብ በዓል ቀን በመደበኛው ሰዓት ለሚሠራ ሥራ ደግሞ ቢያንስ በ2 ይባዛል።

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ገና የዕረፍት ቀን ነው። ላሊበላ ላይ ግን ገና የዓመቱ ትልቁ የሥራ ቀን ነው፤ ምእመናን «ቤዛ ኩሉ»ን ለመስማት ሌሊቱን ሲያነጉ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ በር የሚጠብቀው ሠራተኛ አብሮ ያነጋል። የወር ደመወዙ 3,120 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት በወር 208 ሰዓት ስለሚሆን የአንድ ሰዓት ደመወዙ 15 ብር ነው። በገና ዋዜማ መደበኛ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሠራ 4 ሰዓት በ26.25 ብር ታስቦ 105 ብር ይገባዋል። በበዓሉ ቀን 8 ሰዓት ሠርቶ 3 ሰዓት ቢጨምር ለ8ቱ ሰዓት 240 ብር፣ ለ3ቱ 112.50 ብር፣ በድምሩ 352.50 ብር ይታሰባል። በዓሉ ሲያልፍ በምሳና በጉርሻ የሚሸፈን ሂሳብ አይደለም።

ከደመወዝ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ

በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ መቀነስ አይችልም። በተፈቀደው ሁኔታም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለተሰበረ ብርጭቆ ወይም እንግዳ ሳይከፍል ለሄደበት ሂሳብ በካሸር ቃል ብቻ የሚደረግ ቅነሳ ከዚህ ድንጋጌ ውጭ ነው።

በሕግ ከሚቀነሱት መካከል የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር ይገኛሉ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ የአሠሪው ድርሻ ከሠራተኛው ላይ አይቆረጥም። የሥራ ግብርን በተመለከተ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ማሻሻያ ግብር የማይከፈልበት የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከላይ በምሳሌ የጠቀስነው የ3,120 ብር ደመወዝተኛ ቀድሞ በወር 325.50 ብር ግብር ይከፍል ነበር፤ አሁን የሚከፍለው 168 ብር ነው። ከደመወዙ 157.50 ብር ተጨማሪ ሊደርሰው ይገባል ማለት ነው። የቀድሞው ስሌት አሁንም እየተቀነሰበት ያለ ሠራተኛ መክፈያውን አይቶ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ልዩነት መንግሥት የተወው ግብር እንጂ አሠሪው ያደረገው ጭማሪ አለመሆኑን፣ በድርድርም እንደ ጭማሪ ሊቆጠር እንደማይገባ ለማስታወስ እንወዳለን።

አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ ስሌቱን፣ የተቀነሰውን መጠንና ዓይነት እንዲሁም የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም የማሳየትና የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ ፈርሞ የተጣራውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበሉ ቀሪ መብቱን እንደተወ አያስቆጥርም። «ፈርሜያለሁና አበቃልኝ» ብለው አቤቱታቸውን የሚተዉ ተገልጋዮች ስላሉ ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ጭማሪን በሥርዓት መጠየቅ

ብቻውን ጭማሪ የሚጠይቅ ሠራተኛ ያለው መንገድ ከአሠሪው ጋር መነጋገር ነው። በጋራ የሚጠይቁ ሠራተኞች ግን በሕግ የታወቀ ሥርዓት አላቸው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የአባላቱ ቁጥርም ከአሥር ማነስ የለበትም። ላሊበላ ላይ እንደሚታየው ስድስትና ሰባት ሠራተኛ ብቻ ባላቸው ፔንሲዮኖችና ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ከየድርጅቱ ተሰባስበው ከአሥር ያላነሱ አባላት ያሉት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ይህ አማራጭ እምብዛም ሲጠየቅ አይታይም፤ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ግን በልክ የተሰፋ ይመስለናል።

ማኅበሩ የድርድር ጥያቄውን ለአሠሪው በጽሑፍ ያቀርባል፤ አሠሪውም በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ቀድሞ የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ካለና ጊዜው ገና ካልደረሰ «እስኪያበቃ ጠብቁ» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲያጋጥም ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ስምምነቱ ጊዜው ሳይደርስ እንዲሻሻል ሥልጣን ላለው አካል ጥያቄ ሊያቀርብ፣ ለዚህም አስማሚ ሊመደብ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል።

ለድርድር ሲቀርቡ ሂሳብ ይዘው ይቅረቡ። ደመወዝ በ10 በመቶ ቢጨምርና ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር 3,120 ብር የነበረው ደመወዝ 3,432 ብር ይሆናል፤ በ3,120 ብር ይገዛ የነበረው ግን 3,744 ብር ይፈልጋል፤ ጭማሪ ተደርጎም 312 ብር ጎድሏል። የጤፍ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋን ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ ጎን ለጎን ጽፎ ማቅረብ ከረጅም ንግግር ይሻላል። አሠሪዎች በበኩላቸው ሙሉ ጭማሪ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻሉ የእንግዳ ወቅት ሲጀምር በደረጃ ተግባራዊ የሚሆን፣ ቀኑና መጠኑ የተጻፈ ስምምነት ሊያቀርቡ ይችላሉ። «ሲሻሻል እናያለን» የሚለው ቃል ቀንም መጠንም የለውም።

ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ የወል የሥራ ክርክር ሆኖ ወደ አስማሚ ይቀርባል። አስማሚው በ30 ቀናት ውስጥ ማስማማት ካልቻለ ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። የሥራ ማቆም እርምጃም በሕግ የታወቀ መብት ነው፤ ሆኖም ለሌላው ወገንና ሥልጣን ላለው አካል የ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠትን ጨምሮ ቅድመ ሁኔታዎቹ ሳይሟሉ የሚደረግ ከሆነ ሠራተኛውን ለጉዳት ይዳርጋል። እንደ አየር ትራንስፖርት፣ ውሃ፣ መብራትና ሆስፒታል ባሉ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪዎች ሥራ ማቆም አይፈቀድም።

ያልተከፈለ ደመወዝን መጠየቅና የጊዜ ገደቡ

ያልተከፈለ፣ የጎደለ ወይም ያለአግባብ የተቀነሰ ደመወዝ የግል የሥራ ክርክር በመሆኑ የሚቀርበው ለወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ይግባኝ በ30 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አቤቱታ በማቅረብ ወይም የማኅበር አባል በመሆን ሠራተኛን ማሰናበት ሕገወጥ ስንብት ነው።

ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ። እያንዳንዱ ወር የራሱ ቆጠራ አለው፤ መስከረም 30 ቀን መከፈል የነበረበት ደመወዝ ጊዜው የሚያበቃው መጋቢት 30 ቀን ነው፤ የጥቅምቱ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለውን ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጩ ክፍያዎችን በ6 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው ቀሪ ክፍያዎችን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል ይኖርበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝ ይችላል።

ይርጋው የሚቋረጠው ክርክሩን ለሚወስነው አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። አሠሪው በስልክ «እከፍላለሁ» ማለቱ ቆጠራውን አያቆመውም፤ «የሦስት ወር ደመወዝ እንዳለባቸው አምናለሁ» የሚል ፊርማ ያለው ወረቀት ግን ያቆመዋል። ለጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አቤቱታም በጽሑፍ ሆኖ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሊሰፍርበት ይገባል።

የላሊበላ፣ የጋሸና እና የወልድያ መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋበት ወይም መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በሚያቋርጡበት ጊዜ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች ሁሉም ነገር እንዳበቃ ሊያስቡ አይገባም። የዘገዩት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዳዩን የሚያየው አካል አቤቱታውን ሊቀበል ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፤ አቤቱታው ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። መንገዱ በተከፈተ ወይም ፍርድ ቤቱ ሥራ በጀመረ ማግስት ቆጠራው ይጀምራል። የሠራተኛው ሕመምም እንዲሁ እንደ በቂ ምክንያት ሊታይ ይችላል፤ የሐኪም ማስረጃ ይያዝ።

የጽሑፍ ውል የሌላቸው ሠራተኞች ምን እንደሚያቀርቡ ይጨነቃሉ። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ መብትን አያሳጣም፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። የባንክ ደብተር፣ የሥራ መታወቂያ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ አብረው የሠሩ ምስክሮች ሁሉ ይረዳሉ። የተሠሩትን ትርፍ ሰዓቶች ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ በራስ ደብተር መመዝገብም በኋላ ያግዛል።

ሆቴሉ ቢሸጥ ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ የሠራተኛው የሥራ ውል በዚህ ምክንያት ብቻ አይቋረጥም። ድርጅቱ በዕዳ ተይዞ ቢዘጋ ደግሞ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ንብረቱ ከመከፋፈሉ በፊት ጥያቄውን ለሚመለከተው ፍርድ ቤት ማቅረብ የሠራተኛው ድርሻ ነው።